ቆሎ የተጠቀለለበት ገጽ

ከሥራ የወጣሁት ወረቀት ስለቀረ ነው። መጽሔቱ ከእንግዲህ በኮምፒውተር ብቻ ይነበባል ተባለ። የሚታተም ነገር ከሌለ ማተሚያ ቤት የሚመላለስ ሰው አያስፈልግም። ዕድሜዬም ደርሶ ስለነበር ክርክር አላነሣሁም። የስንብት ደብዳቤው አጭር ነበር፤ የጡረታው ገንዘብም እንደዚያው። ፒያሳ የነበረው ቢሯችን ሕንጻው ፈርሷል፤ በዚያ በኩል ሳልፍ የማየው የቆርቆሮ አጥር ነው። ልጆቼ "ስለ ሥራሽ ጻፊ እንጂ" እያሉ ስለወተወቱኝ ይህን ጻፍሁ። ብዙ ደስ የሚል ነገር እንደማይገኝበት ግን ነግሬያቸዋለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ቁልቁል ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ስላልመጣልኝ ከፒያሳ የታይፕ ትምህርት ቤቶች አንዱ ገባሁና በአማርኛም በእንግሊዝኛም መጻፍ ተማርሁ። መጀመሪያ የተቀጠርሁት አራት ኪሎ፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። አለቃዬ ሰው ሲጠራ ስም አይጠራም፤ በእርሳስ ጠረጴዛውን ያንኳኳል። ከእርሱ የተማርሁት ዝም ብሎ መሥራትን ነው። ቀጥሎ አንድ ጠበቃ ዘንድ ሠራሁ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ታመው ቢሮውን ዘጉት። ከዚያ አንድ ሆስፒታል ጽሕፈት ክፍል ገባሁ። ዶክተር ላቀውን ያወቅኋቸው እዚያ ነው።

ዶክተር ላቀው የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ነበሩ። የተሰነጠቀ ከንፈር የሚሰፉ፣ የተሰበረ መንጋጋ የሚገጥሙ፣ ዕጢ ከፊት ላይ የሚያወጡ ሰው ናቸው። ሲናገሩ ቁጡ ይመስላሉ፤ እጃቸው ግን በጣም ዝግ ያለ ነበር። አንድ ቀን ጽሕፈት ክፍል መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

"አልማዝ የምትባለዋ አንቺ ነሽ?"

"አዎ ዶክተር።"

"እኔ ዘንድ ሥራ አለ። ደመወዙ ከዚህ አይሻልም፤ ጭቅጭቁ ግን ይበልጣል።"

ሥራው አዲስ መጽሔት ማቋቋም ነበር፤ ለእነርሱ ሙያ ብቻ የሚሆን፣ በእንግሊዝኛ የሚጻፍ፣ የየአገሩ ሐኪም የሚጽፍበትና የሚያነበው። ዶክተሩ ምክንያታቸውን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገሩኝ። "እኛ በየሳምንቱ የምናየውን በሽታ የውጭዎቹ የሚያውቁት በመጽሐፍ ነው። ጽፈን ስንልክላቸው 'ይህ ለአንባቢያችን አይጠቅምም' ብለው ይመልሱታል። አንባቢው እኛው ነን። ስለዚህ እኛው እናትመው።"

የሐኪሞቹ ማኅበር ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ በላይ አንድ ክፍል ተከራየልን። ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ የማይዘጋ መስኮት። ጽሑፍ ከካምፓላ፣ ከካርቱም፣ ከሕንድ ይመጣል። የእኔ ድርሻ የጸሐፊውን ስም አውጥቶ ለሁለት ገምጋሚዎች መላክ፣ ሳይመልሱ ሲቀሩ መወትወት፣ ሲመልሱ ደግሞ ስድባቸውን አለዝቦ ለጸሐፊው ማድረስ ነበር። ገምጋሚ ሲባል ከባለዕዳ አይለይም፤ ስልኩን አያነሣም።

ገና ከመጀመራችን የዶክተሩ የቅርብ ጓደኛ፣ አብሯቸው የተማረ ሐኪም፣ አንድ ጽሑፍ አመጣ። ገምጋሚዎቹ አይሆንም አሉ። እኔ እንኳ ያልፋል ብዬ ነበር። ዶክተሩ ሁለት ጊዜ አነበቡትና መለሱልኝ።

"መልሽለት።"

"ምን ብዬ ልጻፍ?"

"ሰውየው ጓደኛዬ ነው፤ ጽሑፉ ግን ጓደኛዬ አይደለም። እንዲህ ብለሽ እንዳትጽፊ እንጂ ሐሳቡ ይኸው ነው።"

ጓደኛቸው ከዚያ በኋላ ሰላምታ ነሣቸው። ዶክተሩ ስለዚህ ነገር ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

የእርማት ሥራ ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። ከሆስፒታል ምላስ መጫኛ እንጨት ያመጣሉ፤ ሐኪም ጉሮሮ ሲያይ የሚጠቀምበትን ጠፍጣፋ እንጨት። ከመስመሩ ሥር እሱን አድርጌ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ነጠላ ሰረዙን ሳይቀር በስሙ እጠራለሁ። እርሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ቁጥር ሲሆን ከኋላ ወደ ፊት እንዳነበው ያዝዙኛል። "ከፊት ስታነቢው የጠበቅሽውን ታያለሽ፤ ከኋላ ስታነቢው ያለውን" ይሉ ነበር። ገጹ ሳያልቅ ማኪያቶ አይጠጣም። ሲያልቅ ታች ወርደን ባንኮኒው አጠገብ ቆመን እንጠጣለን። አመሰግናለሁ አይሉም። ስሕተት ካልተገኘ ሌላ ገጽ ይሰጡኛል፤ ምስጋናቸው እሱ ነበር።

የመጀመሪያው እትም ላይ ብዙ ነገር ተንጠልጥሎ ነበር። መጽሔት ሲባል ዝም ብሎ ዓለም አቀፍ አይሆንም። የውጭ መዛኞች አይተው ተቀባይነት ካለው መዝገብ ሊያስገቡት ይገባል፤ እዚያ ያልገባውን ማንም አይጠቅሰውም። ዶክተሩ እንግሊዝኛችንን አልፈሩም። የፈሩት ሥዕሉን ነው። "በሥዕል ነው የሚፈርዱብን" አሉኝ። "ፊት የሚያክም ሰው ፊት በትክክል ማሳተም ካቃተው ማን ያምነዋል?"

ለመጀመሪያው እትም የመረጡት የዘነበችን ፊት ነበር።

ዘነበች ከገጠር የመጣች ልጅ ናት። ሕፃን ሳለች፣ ረሃብና ኩፍኝ ባንድ ላይ ባለፉበት ዘመን፣ አንድ ክፉ በሽታ ግራ ጉንጯን በልቶ ጥርሷን በውጭ አስቀርቶታል። ሆስፒታል ስትመጣ ወጣት ነበረች፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሥር ተከናንባ። ከዓይኗ በቀር ማንም ምኗንም አይቶ አያውቅም። ዶክተሩ ደጋግመው ቀዶ ጥገና አደረጉላት፤ ከግንባሯ ሥጋ አዙረው ጉንጭ ሠሩላት። ጠባሳ አለው፤ ግን ጉንጭ ነው። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ያወረደችው ከዚያ በኋላ ነው። የከንፈሯን ጥግ የሚዘጋ አንድ ቀዶ ጥገና ብቻ ይቀራት ነበር። አገሯ አልተመለሰችም፤ አትክልት ተራ ሽንኩርት መሸጥ ጀመረች።

ፎቶው እንዲታተም ፈቅዳለች ይባላል። እንደ ደንቡ መጀመሪያ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ፣ ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር ጣቷን አሳርፋበታለች። ፊቱን ሊያድኑለት የተኛ ሰው ምን ቢሰጡት ጣቱን አያሳርፍም? የውጭዎቹ ደንብ ደግሞ በሽተኛው እንዳይታወቅ ዓይኑ በጥቁር መስመር ይሸፈን ይላል። ዓይኗን ሸፈንን። ሁለት ፎቶ፤ አንዱ በፊት፣ አንዱ በኋላ፤ ሙሉ ገጽ፣ በቀለም።

ማተሚያ ቤቱ ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ነበር። የሚያትሙት ጋሽ ተካ ይባላሉ፤ ምላሳቸው ከማሽናቸው የፈጠነ የአራዳ ሰው። የመጀመሪያው ሉህ ሲወጣ ዶክተሩ ወደ ብርሃኑ ይዘውት ሄዱ።

"ተካ፣ ይህ ምንድን ነው?"

"ፊት ነዋ ዶክተር።"

"ይህ ሥጋ አይደለም፣ ጎመን ነው። አረንጓዴ ሆኗል።"

"ሁዳዴ ገብቶ ሥጋ ከየት ላምጣልዎ?"

ዶክተሩ አልሳቁም። እንደገና ታተመ፤ አሁን ደግሞ ቢጫ በዛበት፣ የጉበት በሽተኛ አስመሰላት። እንደገና። ቀዩ በዛ። ጋሽ ተካ ወደ እኔ ዘወር ብለው "አልሙ፣ አንቺ ምከሪያቸው እንጂ፤ እኚህ ሰውዬ የሚያሳትሙት መጽሔት ነው ወይስ ቤተ መቅደስ የሚገባ ሥዕል?" አሉኝ። ዶክተሩ ግን የዘነበችን ጉንጭ ትክክለኛ ቀለም ያውቁት ነበር፤ የሠሩት እርሳቸው ናቸው። ያ ቀለም እስኪመጣ ድረስ አልለቀቁም። በመጨረሻ መጣ። ያማረ ገጽ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ያማረ ነበር እላለሁ። የተበላሸው ሉህ ግድግዳው ሥር ተከምሮ ቀረ።

መጽሔቱ ተመረቀ። ንግግር ተደረገ፤ ውጭ አገር ላሉትም በፖስታ ተላከ። መዛኞቹ እንደደረሳቸው ጻፉልን። ዶክተሩ ያን ቀን ማኪያቶውን ቁጭ ብለው ጠጡ።

ከማተሚያ ቤት የተበላሸ ወረቀት ወዴት እንደሚሄድ አራዳ ያደገ ሁሉ ያውቃል። በኪሎ ይሸጣል፤ የሚገዛው ባለሱቅና ቆሎ ሻጭ ነው። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ ቆሎ የበላሁት በትምህርት ሚኒስቴር ፈተና ወረቀት ተጠቅልሎ ነው። ማተሚያ ቤቶቹ ሁልጊዜ የሚያደርጉት ስለሆነ ጋሽ ተካም አደረጉት፤ ማንም አትሽጥ አላላቸውም።

ዘነበች ቢሯችን የመጣችው ፋሲካ ሊደርስ ሲል ነው። ነጠላዋን እንደ ጥንቱ እስከ ዓይኗ ሥር ተከናንባ ነበር። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም። ከመቀነቷ ውስጥ የተጨማደደ ወረቀት አውጥታ ዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ጥግ ጥጉ ላይ ዘይት ጠጥቷል። ያ አረንጓዴው ሉህ ነው።

"ይህ እኔ ነኝ ዶክተር?"

ዶክተሩ ወረቀቱን ዐዩት። "ከየት አመጣሽው?"

"ቆሎ ተሸጦበት። ተራው በሙሉ ይዞታል። ተሸካሚዎቹ 'ነይ ዘነቡ፣ ፎቶ ተነሥተሻል' ይሉኛል።"

"ዓይንሽ ተሸፍኗል። እንዳትታወቂ ብለን…"

"ዓይኔን ለምን ሸፈናችሁት?" አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ዕድሜዬን ሁሉ ሰው የሚያውቀው ዓይኔን ነው። አፌን ነው የደበቅኩት። እናንተ የማሳየውን ሸፍናችሁ የምደብቀውን ገለጣችሁት። ይኸው የአንገቴ ንቅሳት፣ ይኸው አሁን የሠሩልኝ ጉንጭ። ሌላ ማን ልሁን?"

ከዚያ ነገሩን ነገረችን። ሽንኩርት በአይሱዙ የሚያመጣ አንድ ሹፌር ሊያገባት ሽማግሌ ልኮ ነበር። ሠርጉ ለዳግማ ትንሣኤ ማግስት ተቆርጧል። የልጁ እናት፣ ወይዘሮ የሺ፣ ጊዮርጊስ አካባቢ የታወቁ ዘርና አጥንት የሚቆጥሩ ሴት ናቸው፤ ጠባሳውን አይተው ጠይቀዋል። ዘነበች ልጅ ሆኜ እሳት ላይ ወድቄ ነው ብላለች። በሽታ ነው ብትል ቁምጥና ነው፣ በዘር ይሄዳል ብለው ነገሩን እዚያው ያቆሙታል። እሳት ግን ዘር የለውም። ለማንም የሚደርስ ነገር ነው።

"እናቱ ዐይተውታል?" አሉ ዶክተሩ።

"ሰው አሳይቷቸዋል። እሷ ናት ይሏቸዋል፤ እሳቸው ግን ለእኔ ያሉኝ ነገር የለም። እሱ ከመንገድ አልተመለሰም።" ከዚያ እንዲህ አለች፦ "ምንም አያድርጉልኝ ዶክተር። ወረቀቱን ብቻ ይሰብስቡልኝ።"

ጋሽ ተካ ነገሩን ሲሰሙ ቀልድ አልቀለዱም። የቀረውን ከባለሱቆቹ ሊመልሱ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በየተራው ዞሩ። የቻሉትን ያህል አመጡ።

ዶክተሩ ግን በዚህ አልረኩም። ያጠፉትን በእጃቸው መጠገን የለመዱ ሰው ናቸው። "እናትየው ዘንድ እሄዳለሁ" አሉኝ። "ችግሩ አለማወቅ ነው። እውነቱን ሐኪም ሲነግራቸው ይገባቸዋል።"

"ወረቀቱን ሰብስቡ ብቻ ነው ያለችው" አልሁ።

"ወረቀት መሰብሰብ ምን ይፈይዳል? አብረሽኝ ነይ፤ ሴት ስትኖር ይሻላል።"

ሄድን። ወይዘሮ የሺ ወንበር ሰጡን፣ ጠላ ቀረበልን። ዶክተሩ ራሳቸውን አስተዋወቁና ለተማሪ እንደሚያስረዱ አስረዱ። በሽታው ቁምጥና አይደለም። አይጋባም፤ በዘርም አይተላለፍም። በረሃብ የተዳከመ ሕፃን ላይ ከኩፍኝ በኋላ የሚመጣ ነው። ልጅቷ ፍጹም ጤነኛ ናት፣ ጤነኛ ልጅ ትወልዳለች፤ ይህን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ አሉ። ያሉት ሁሉ እውነት ነበር።

ወይዘሮ የሺ ዶክተሩ እስኪጨርሱ ጠበቁ።

"እሳት አይደለም ማለት ነው?" አሉ።

ዶክተሩ ያን ጊዜ ነው የገባቸው። እኔም ያን ጊዜ ነው የገባኝ። "እሳት… አይደለም። ግን ወይዘሮ የሺ…"

"እኔ እኮ ወረቀቱን አላመንኩም ነበር ዶክተር። ሰው ሁሉ 'እሷ ናት' ሲለኝ፣ 'ዓይኗ በማይታይ ሴት እንዴት ትፈርዳላችሁ' ስላቸው ነው የከረምኩት። ልጄ ወዷታል። እኔም ለምጃታለሁ።" ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። "እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ ይዋሹኛል አልልም። እሷ ግን ዋሽታኛለች። በዚህ የጀመረ ቤት በምን ያልቃል?"

ዶክተሩ ሌላ ነገር ለማለት ሞከሩ። ስለ ዘር ደገሙላቸው። ወይዘሮ የሺ ዘር የሚለውን ነገር ትተውት ነበር። እስከ በር ሸኙን፤ እግዜር ይስጥልኝም አሉን።

ሠርጉ ቀረ። ሹፌሩ ሌላ መስመር ላይ መሥራት ጀመረ፤ ኋላም ሌላ አገባ ሲባል ሰማሁ። ዶክተሩ አትክልት ተራ ድረስ ሄደው ዘነበችን ይቅርታ ጠየቋት። አብሬያቸው ነበርሁ። ነጠላዋን እንደተከናነበች ሽንኩርቷን ትመርጥ ነበር፤ ቀና አላለችም። የቀረው የከንፈር ቀዶ ጥገና ቀን ሲደርስ አልመጣችም። አስጠሯት፤ አልመጣችም። ከዚያ በኋላ ሆስፒታል አልረገጠችም።

ዶክተሩ በእጃችን ከቀሩት መጽሔቶች ሁሉ ያንን ገጽ በቀዶ ጥገና ምላጭ አንድ በአንድ ቆርጠው አወጡ። እኔ እይዝላቸዋለሁ፣ እርሳቸው ይቆርጣሉ። ውጭ አገር ያሉት የቦርድ አባላት አብደሃል ወይ ብለው ጻፉላቸው፤ የጎደለ እትም ይዞ ማን መዝገብ ያስገባናል አሉ። መዛኞቹም እንደተፈራው ጉዳያችንን አዘገዩት።

ከዚያ ወዲህ የአሠራር ደንባችን ተለወጠ። በሽተኛው ሊታከም ተኝቶ ሳለ ስለ ሥዕል አይጠየቅም። ድኖ ቤቱ ከገባ በኋላ እኔ እሄዳለሁ፤ የሚታተመውን ገጽ በዓይኑ አሳየዋለሁ፤ ማን ማን ሊያየው እንደሚችል በአማርኛ እነግረዋለሁ። ካመነታ እንደ እምቢታ ይቆጠራል። ማተሚያ ቤት የተበላሸው ሉህ ደግሞ እዚያው በመቁረጫው ማሽን ጣት በማታህል ክር ይከተፋል፤ ተከትፎ እስኪያልቅ እኔ ከአጠገቡ አልለይም። ጋሽ ተካ እስከሞቱ ድረስ ማሽኑን የሚይዙት ራሳቸው ነበሩ። የሥራ ዘመኔ አብዛኛው በዚህ አለፈ፤ ሰው ቤት በማንኳኳትና ወረቀት ሲከተፍ በማየት።

አብዛኛው ሰው እምቢ አለ። የመጽሔታችን ሥዕል እያነሰ ሄደ። ወጣቶቹ ሐኪሞች በዶክተሩ ላይ ያጉረመርሙ ነበር፤ በአንዲት ሴት ምክንያት መጽሔት ገደሉ ይሉ ነበር። ዶክተሩ ይሰሟቸዋል። ለንባብ ስንቀመጥ አሁንም ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ አንዳንዴ ግን አንብቤ ከጨረስሁ በኋላም አይከፍቱትም፣ እኔም አላስቸኩላቸውም። መጽሔቱን መዝገብ ሳያስገቡ ሞቱ። መዝገብ የገባው ከእርሳቸው በኋላ፣ በአዲሱ ዋና አዘጋጅ ዘመን ነው።

አዲሱ ዋና አዘጋጅ ክፉ ሰው አይደለም። የዶክተሩ ተማሪ ነው፣ ይወዳቸው ነበር። እኔ ከሥራ ልወጣ ስል የቆዩትን እትሞች በሙሉ ኢንተርኔት ላይ አስጫነ። የመጀመሪያው እትም ላይ ገጹ እንዳለ ነው። ወደ ውጭ አገር ከተላኩት ያልተቆረጠ ቅጂ አስመጥቶ ነበር።

"ይህ ገጽ መውጣት አለበት" አልሁት።

"ወይዘሮ አልማዝ፣ ታሪኩን እኮ ዐውቃለሁ። ግን ብዙ ሰው የሚያየው ጽሑፋችን ይህ ነው። የዶክተር ላቀው ትልቁ ሥራ ነው። በስንት አገር ያስተምሩበታል።"

"እርሳቸው በእጃቸው ቆርጠው ያወጡት ነው።"

ብዙ ተከራከርን። እኔ በሥራ ዘመኔ አለቃ ፊት ድምፄን ከፍ ያደረግሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በመጨረሻ ሥዕሉን ከእኛ ገጽ አወረደው። ሌሎች ገልብጠው የወሰዱትን ግን ማውረድ እንደማይቻል አሳየኝ፤ በየቦታው አለ። ዓይኗ ተሸፍኖ፣ ጉንጯ በትክክለኛ ቀለሙ።

በሥራዬ የመጨረሻ ሳምንት ዘነበችን ፈልጌ ሄድሁ። ገበያው ከፒያሳ ከተነሣ በኋላ ወደ ጊዮርጊስ ጀርባ አንዲት ትንሽ ጉልት ይዛለች። ብቻዋን ነው የምትኖረው። ሸምግላለች፤ ነጠላዋ ዛሬም እስከ ዓይኗ ሥር ነው።

"እትዬ አልማዝ" አለች፤ አልረሳችኝም። "ሽንኩርት ነው?"

"አይ። አንድ ነገር ልነግርሽ ነው።" ሁሉንም ነገርኋት። ሥዕሉ ኢንተርኔት ላይ እንደወጣ፣ ከእኛ ዘንድ እንደወረደ፣ ከሌላው ዘንድ ግን እንደማይወርድ። የትም አገር ሰው ስልኩ ላይ ሊያየው እንደሚችልም አልደበቅኋትም። እየሰማች ልጣጭ ትለቅማለች።

"ይህን ሊነግሩኝ ብቻ ነው የመጡት?"

"አዎ። ከሰው ሳትሰሚው ብዬ ነው።"

ልጣጩን ከጭኗ ላይ አራገፈች። "ያን ጊዜም ሳይታተም በፊት እንዲህ መጥታችሁ ብትነግሩኝ ኖሮ" አለች፣ "ለዚያ ላጨኝ ሰው እኔው ራሴ እነግረው ነበር። ከእኔ አፍ ቢሰማው ይተወኝ ነበር ብዬ አላስብም።"

አንዲት ሴት መጥታ ዋጋ ጠየቀቻት፤ ዘነበች ወደ ሚዛኗ ዞረች።